አርባ ክንድ፣ በማን ክንድ?

ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ በየማለዳው ካገሬ ርቄ ከምኖርበት ሰፈር፣ ከሊንደን፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ዋይንላንድ ፓርክ እወርድና፣ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን የሂንዱ ቤተ መቅደስ በአማርኛ እጽፍ ነበር። ምን ያህል እንዳበሳጨኝ፣ ለምንስ እንዳልተውኩት ከሥር ከመሠረቱ ልንገራችሁ።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ያን ጊዜ የተሰጡኝ ሰው ከደቡብ ሕንድ የመጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላቸው አባት ነበሩ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ "አማ" ይሉኛል። በቋንቋቸው እናት ማለት ነው፤ ሴትን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲሉኝ ግን ደነገጥኩ።

"አባባ፣ በእኛ አገር አማ ማለት እኮ ሰውን በሌለበት ቦጨቀ ማለት ነው" አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። "እንግዲያው ቁጭ በይና የወንድሜን ልጅ እንማው!"

የወንድማቸው ልጅ ሕንድ ካለው የትውልድ መንደራቸው ወጥቶ አያውቅም፤ የመንደሩን ቤተ መቅደስ እድሳት የያዘው እሱ ነው። ከቤተ መቅደሱ ፊት የነበረው ባለ ምሰሶ አዳራሽ አባባ ወጣት ሳሉ በአንድ የዝናብ ወራት ወድቋል። ምሰሶዎቹ እስከ ዛሬ ሣር ውስጥ ተጋድመዋል፤ የወለሉን መሠረት ግን ትራክተር ጠርጎታል። አሁን መንደሩ አዳራሹን መልሶ ሊያቆም ተነሣ፤ ርዝመቱን የሚያውቅ ጠፋ። ፎቶ የለም። ቆሞ ያዩት ሰዎች ሁሉ አልፈው አባባ ብቻ ቀርተዋል። የወንድማቸው ልጅ ደውሎ "ልኩን ንገረኝ፤ ካልሆነ በግምት የሲሚንቶ አዳራሽ እንሠራለን" ብሏቸዋል።

አባባን እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው ነበር። የኔ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው፤ ቁርሳቸውን በልተው አፋቸውን ሳይጠርጉ "ዛሬ ቁርስ የለም?" ማለት ጀምረው ነበር። የመንደሩ አዳራሽ ያለው እዚያ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱም እየፈረሰ ነው።

መሥሪያ ቤቴ በየቀኑ የምሞላው ወረቀት ሰጥቶኛል። በሉ፣ ተኙ፣ መድኃኒት ዋጡ፣ ይላል። ቤተ መቅደስ የሚል መስመር የለውም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም፤ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። እንግሊዝኛዬ ለመስማት እንጂ ለመጻፍ ስለማይፈጥን፣ እሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ እኔ በአማርኛ እከትባለሁ።

ታሪኩን በአንድ ጊዜ ጨርሰው ነግረውኝ አያውቁም። ዛሬ ከጣሪያው ይጀምራሉ፣ ነገ ከአዳራሹ ፊት ካለው ኩሬ። ስንት ዘመኑ ነው ስላቸው "ሺህ ዓመት!" ይላሉ። ሴት ልጃቸው እዚያው ከተማው ዳር፣ ጋሃና የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ስትመጣ ጠየቅኳት። "አባቴ ሁሉንም ነገር ሺህ ዓመት ነው የሚለው" አለችኝ።

ግድግዳው ከግርጌው ዙሪያውን በአሮጌ ፊደል ተጽፎበታል። የነገሥታት ጀብዱ መስሎኝ እርሳሴን ቀስሬ ጠበቅኩ። ለካ እገሌ የሚባል ሰው ለመብራቱ በጎች ሰጠ፤ ከወተታቸው ቅቤ እየተነጠረ መብራቱ ለዘላለም አይጥፋ ነው የሚለው።

"በግ ይታለባል እንዴ?" አልኩ። የወሎ ልጅ ነኝ፣ በግ አውቃለሁ።

"የእናንተ አይታለብም?"

"የእኛ ይበላል።"

በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ተከራከርን።

አሠራሩን ግን ቶሎ ገባኝ። ሙሉው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፣ ድንጋዩ በድንጋይ ላይ በገዛ ክብደቱ ይቆማል። ከውጭ ስትገባ አዳራሹ አለ፤ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ሕዝቡ እዚያ ይቆማል። ቀጥሎ ጠበብ ያለች ክፍል አለች። ከዚያ ወዲያ መስኮት የሌለው ጨለማ ክፍል፤ ካህኑ ብቻ ነው የሚገባው። ያንን ክፍል በቋንቋቸው የማህፀን ቤት ይሉታል። ከላዩ ግንቡ ደረጃ በደረጃ እየጠበበ ይወጣል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ደሴ ቤታችን የቤተ ክርስቲያን አጥር ይዋሰን ስለነበር "ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ" ብዬ በየክፍሉ ላይ ጻፍኩ። የእኛ አገሩ ክብ ነው፣ የእሳቸው ደግሞ አንዱ ካንዱ ኋላ የተሰለፈ። አዳራሹ መሐል አንድ የድንጋይ ኮርማ ተኝቶ የጨለማውን ክፍል በር በር ያያል። ጣሪያው ሲወድቅ እሱ አልተነካም።

ባሌ ደብተሩን ባየ ቁጥር ያሾፍብኛል። "አንቺ ሴትዮ፣ የጣዖት ቤት መሐንዲስ ሆንሽ?"

"ቤት ነው የምጽፈው፤ አልሰገድኩበት!"

በመጀመሪያው ሳምንት ያወሩኝ ታሪክ አለ። አባባ በዘጠኝ ዓመታቸው ኮርማው ጀርባ ላይ ወጥተው ሲጋልቡ አባታቸው ይዘዋቸዋል። አባታቸው የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ነበሩ። አልገረፏቸውም። "ምን ላይ እንደወጣህ እወቅ" ብለው ቤተ መቅደሱን በሙሉ፣ ከኮርማው እስከ ውጭው ደረጃ፣ ተንበርክከው በክንዳቸው እንዲለኩ ፈረዱባቸው። ጉልበታቸው ተላጠ። ቁጥሩ ግን ከአእምሯቸው አልወጣም፤ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱ ሰው "አዳራሹ?" ሲባሉ ሳያመነቱ "አርባ!" ይላሉ።

አርባ ምን ስላቸው በቋንቋቸው አንድ ቃል ተናገሩና ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ አሳዩኝ።

"ክንድ!" ብዬ ጮህኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛ አላስፈለገንም።

ልጃቸውን ጠራኋት። የመንደሩ ግንበኞች የሚለኩት በጫማ ነው አለች። ክንድን ወደ ጫማ መለወጥ ምን ችግር አለው? ሜትር አመጣሁ፣ አባባ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ ለካሁ፤ አሥራ ስምንት ኢንች፣ አንድ ጫማ ተኩል። አርባው ስልሳ ጫማ ሆነ። ልጅቱ ላከችው። አባባ ያን ቀን ሁለት ጊዜ በሉ።

በሦስተኛው ቀን ፎቶ መጣ። የወንድማቸው ልጅ ሲባጎ ይዞ አዳራሹ ከሚጀምርበት በር ስልሳ ጫማ ሲለካ፣ ሲባጎው የኩሬውን ደረጃ አልፎ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከሥሩ እንዲህ የሚል ጽፎበታል፦ "አጎቴ አዳራሹን ለዓሦቹ ነው የሠራው?"

ልጅቱ በቁጣ መጣች። "ነግሬሻለሁ! አባቴ ተምታቶበታል። ያንን ሁሉ ጊዜ አስለፈለፍሽው፣ አሁን መንደሩ ሙሉ ይስቅበታል።" እዚያው ፊታቸው ነው የተናገረችው። በማግስቱ አባባን ስለ ኮርማው ብጠይቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የወንድማቸው ልጅ ለሲሚንቶው አዳራሽ በግምት ችካል መትከሉን ሰማን።

የተናደድኩት በማን እንደነበር አላውቅም። በልጅቱ? በራሴ? በኩሬው? ደብተሩን ቤት ወስጄ ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

ባሌ እራት እየበላ ነበር። ደሴ ሳለ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁን መጋዘን ነው የሚሠራው። "ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ።

"እኛ ገበያ ሰው ጨርቅ ሊገዛ ሲመጣ ረጅም ክንድ ያለው አጎት ይዞ ይመጣ ነበር። ነጋዴው ደግሞ ክንደ አጭር ልጅ ቀጥሮ ያስለካል። ጠቡ ሁሉ በዚያ ነበር። ሽማግሌሽ የማንን ክንድ ይዞ ሄደ?"

"የራሱን ነዋ!"

"የትኛውን የራሱን?"

ደብተሩን ከሶፋው አንሥቼ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት። ጽፌው፣ ስቄበት፣ አልፌዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የለካውን እኔ በሰማንያ አምስት ዓመት ክንድ አባዛሁት!

ጠዋት እየሮጥኩ ሄድኩ።

"አባባ፣ ሲለኩ ስንት ዓመትዎ ነበር?"

"ትልቅ ነበርኩ።"

"ዘጠኝ ብለውኛል እኮ። ጽፌዋለሁ።"

"ዘጠኝ ትልቅ ነው!" አሉኝ። ክንዳቸውን አፍንጫዬ ሥር ዘረጉት። "በዚህ ነው የለካሁት። ሌላ ክንድ ኖሮኝ አያውቅም።"

ልጅቱ ጋ ደወልኩ። እሷም አልተሻለችም። "ሁለተኛ ደውዬ የአባቴ ክንድ የሕፃን ክንድ ነበር ልበል? ደግሞስ የዚያን ሕፃን ክንድ ልክ ከየት ታመጪዋለሽ?"

እዚህ ላይ እውነቷን ነው። ስልኩን ዘጋሁ። ሲመሽ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ደብተሩን አገላብጣለሁ፤ ሊንደን ሳንደርስ አንድ መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ። "ኮርማው፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር፣ ስድስት ክንድ።" ኮርማው አልወደቀም። ኮርማው አላደገም። ልጁ ኮርማውንም በዚያው ክንድ ነው የለካው። አሁን ኮርማውን ለክቶ ለስድስት ማካፈል ነው!

ልጅቱን ለማሳመን አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ሥራ ላይ ናት፣ ስብሰባ ላይ ናት፣ በኋላ እደውላለሁ፤ አትደውልም። በመጨረሻ "ለአጎትሽ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ኮል አድርጊለት፤ ከሳቁ በእኔ ይሳቁ፣ እብድ ሞግዚት አላችሁ በያቸው" አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት መጥታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና በቪዲዮ ደወለች። እዚያ ሊመሽ ነበር። የወንድማቸው ልጅ እያጉረመረመ ስልኩን ለአንድ ሰው አስያዘና ሜትሩን ይዞ ኮርማው ላይ ተንጠራራ።

አባባ ስክሪኑን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። "ማነው እዚያ ላይ የወጣው? ውረድ በሉት!"

"እየለካ ነው አባዬ።"

"እኔም ያኔ ለአባቴ እንደዚያ ነው ያልኩት!"

ሰባት ጫማ ልክ አለ የወንድማቸው ልጅ። ሰማንያ አራት ኢንች ለስድስት፤ አሥራ አራት ኢንች። የዚያ ልጅ ክንድ ይኸው። ልጅቱ ስልኳ ላይ አባዛች፤ አርባው አርባ ስድስት ጫማ ከስምንት ኢንች ሆነ። የወንድማቸው ልጅ ከዚያው በር ጀምሮ ለካ። ሲባጎው ከኩሬው ደረጃ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ቆመ። ማንም አልሳቀም። ልጅቱ የአባቷን እጅ ያዘች።

አባባ ግን እኔን ነው የሚያዩት። "አርባ ነው ያልኩት። አርባ ስድስት የሚለው ከየት መጣ?"

"አርባ ነው አባባ። አርባ ክንድ ነው።"

"ታዲያ ለምን ትቀያይሪያለሽ?" ብለው ምሳቸውን ከእጄ አልበላም አሉ። አኩርፈውኝ ዋሉ፤ እኔም አኩርፌ ዋልኩ።

የወንድማቸው ልጅ በማግስቱ ጠዋት ለሲሚንቶው አዳራሽ የተከላቸውን አራት ችካሎች ነቀለ። በኮርማው ልክ አዲስ ተከለ፤ ከዚያም ሰው ጠርቶ የመጀመሪያውን ምሰሶ ከሣሩ ውስጥ በገመድ አስጎተተ።