ሐይቁ ዳር የቀረው ፈረስ

የጌም ማሽኑ ጆይስቲክ ላይ፣ በግራ በኩል፣ እንደ እንጉዳይ ብቅ ያለች መዘወሪያ አለች። አናቷ ላይ ያለው ጎማ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጉድጓዷ ከኔ ጣት ጋር አትገጥምም። የኔ አውራ ጣት ዕድሜውን ሙሉ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ የኖረ፣ ጠፍጣፋና ሻካራ ነው፤ ከዳር ከዳሯ ይዟት ይንሸራተታል እንጂ ውስጧ አይገባም። ጎማውን የበላው የልጄ ጣት ነው። እሷ ቀጭን ነበረች።

ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንጅባራ ላይ ጭጋጉ ወርዶ የጎረቤት አጥር እንኳ ሳይታይ፣ መብራት መጣ። ማሽኑን ስከፍተው መጀመሪያ የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ቀጥሎ ሆዱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ እንደታመመ ሰው አጉረመረመ። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ያ የጌሙ ነፋስ ነፈሰ። ይህን ነፋስ በሰማሁ ቁጥር ዞር ብዬ በሩን አያለሁ። ሰው ገብቶ ያልዘጋው ይመስለኛል።

ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። በዚህ ዕድሜዬ ጌም እጫወታለሁ። ያውም ብቻዬን፣ ያውም ያንኑ አንዱን፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ደግሜ ደጋግሜ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ልጄ የኮሌጅ ተማሪ ሳለች ልቧ ታመመ። ሐኪሙ "ዳገት እንዳትወጪ፣ እንዳትሮጪ" አላት። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ዳገት ነው፤ የት ትሂድ? ትምህርቷን ትታ ቤት ዋለች። ያን ክረምት የእናቷ ወንድም፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ከባሕር ዳር አንድ ያገለገለ የጌም ማሽን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ አመጣላት። "በይ እንግዲህ፣ እዚሁ ቁጭ ብለሽ አገር ዙሪ" አላት።

ጌሙ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ አገር ነው። ተራራ አለው፣ ጫካ አለው፣ የሞቱ ነገሥታት የሚንከራተቱበት ፈርሶ የቀረ ግንብ አለው። ጠንቋይ አለ፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ። በፈለግህበት በኩል ትሄዳለህ፤ ወዴት ነህ የሚልህ የለም። ልጄ መጀመሪያ ያደረገችው የራሷን ሰው መሥራት ነው፤ ጌሙ ፊት ያሠራል። አንዲት ቀጭን ልጃገረድ ሠራችና አንገቷ ላይ ዙሪያውን በሰማያዊ ቀለም መስመር መስመር አደረገችላት። ልክ የእናቴ ንቅሳት። "አያቴን ወጣት አደረግኋት፣ አባዬ" አለችኝ።

በዚያ አገር ዳገት ስትወጣ ከታች በኩል ያለች አንዲት አረንጓዴ መስመር እያጠረች ትሄዳለች። ካለቀች መራመድ የለም። ቆም ስትል ግን መልሳ ትሞላለች። ልጄ ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ፤ "ይኸውልህ፣ እዚህ አገር ልብ ማለት ይቺ ናት። ትወጣለህ፣ ትቆማለህ፣ ትሞላለች። ደግሞ ትወጣለህ።" እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ እንኳ ያን ጊዜ አልሳቅሁም፤ ያችን መስመር አየኋት።

እሷ ስትጫወት እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወንበር እሠራ ነበር። ቤቱ የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ውጊያውና ጥንቆላው አይገባኝም፤ አንገቴንም ቀና አላደርግም። አንድ ቀን ግን ኮቴ ሰማሁ። ዳማ ፈረስ አግኝታለች። ቢላዬን አስቀመጥኩ።

የትውልድ መንደሬ ወደ ጥርባ በኩል ነው። አባቴ ፈረሰኛ ነበር፤ እኔም ከተማ ገብቼ የቀርከሃ ሥራ እስክይዝ ድረስ ከፈረስ ጀርባ አልወረድሁም። ልጄ ደግሞ ፈረሱን እንዳገኘችው ወዲያው ቁልቁለት ለቀቀችው።

"ኧረ በሥላሴ! ቁልቁል አታስሩጪው፣ ትከሻው ይጎዳል!"

"አባዬ፣ ሥዕል እኮ ነው።"

"ሥዕልም ቢሆን ትከሻ አለው።"

ሌላ ቀን ደግሞ "ለመሆኑ ምን ይበላል?" አልኳት።

"አይበላም።"

"ታዲያ በምን ጉልበቱ ይሮጣል?"

"ያንተን ቁጣ እየበላ።"

ፈረስ የማናግረው በአገውኛ ነው። አባቴ እንደዚያ ነበር፤ በሌላ ቋንቋ የሚሰማኝም አይመስለኝ። ያን የሥዕል ፈረስም ሳላስበው በአገውኛ አይዞህ እለው ነበር። ልጄ ከተማ ስላደገች አገውኛውን እምብዛም አትሰማ። "አትልፋ፣ ይሄ ፈረስ ፈረንጅ ነው፤ አይገባውም" ትለኛለች። "አንቺም አይገባሽም፤ ስጠራሽ ግን ትመጫለሽ" እላታለሁ። ትስቃለች፣ ከዚያ ሳሉ ይነሳባትና ደረቷን ይዛ ትቆማለች።

እያደር ሥራ ተካፈልን። ውጊያው የሷ፣ ፈረሱ የኔ። መንገድ ሲሆን ጆይስቲኩን ትሰጠኛለች፤ ጠላት ብቅ ሲል "አምጣ፣ አምጣ፣ ልታስበላን ነው!" ብላ ትነጥቀኛለች። እናቷ ከጓዳ "ሁለታችሁም ልጆች ናችሁ" እያለች ታጉረመርማለች። ደስ ብሏት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያጣላን ነበር። ልጄ ፈረሱን አስሩጣ አስሩጣ፣ ወንዝ ስታይ ከነላቡ ሰተት አድርጋ ታስገባዋለች። እኔ ደግሞ ይህን ማየት አልችልም። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ዘንገና ሐይቅ ዘንድ ስንደርስ፣ ፈረሶቹ ከሩጫ የገቡ ከሆነ፣ አባቴ ከላይ ከጫካው ዳር ያስቆመናል። ጋቢውን አውልቆ የፈረሱን ጀርባ ያለብሰዋል፤ እሱ በእጀ ጠባብ ብርድ እያንቀጠቀጠው ይቆማል። "ላቡ ያልደረቀ ፈረስ ቀዝቃዛ ውሃ ዳር አይቆምም። ዛፍ ሥር ነው፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥተህ። አንተ ብቻህን በእግርህ ትወርዳለህ" ይለኛል። ያ የጋቢና የፈረስ ላብ ሽታ፣ ከታች ደግሞ ጥቁር ሆኖ ዝም ያለው ሐይቅ፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አለ።

ይህንኑ ለልጄ ስንት ጊዜ ነገርኳት። "እሺ አባዬ፣ እሺ" ትላለች። ወዲያው ቸብ! ውሃው ውስጥ ናት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ተጠራች፤ ልቧ ሊታከም ነው። በመሄጃዋ ዋዜማ ወንበሮቼን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ማሽኑ ጠፍቶ፣ እሷ ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት።

"አንተ እንደወጣህ መብራት መጣና ብቻዬን ሄድኩ" አለችኝ። "ያ ሐይቅ ጋ ደረስን። ዘንገናን ይመስላል የምትለው ጋ።"

ከተራራ ላይ ሆነን ከሩቅ ያየነው ሐይቅ ነበር፤ ክብ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው። አንድ ቀን አብረን እንሻገራለን ተባብለን ነበር።

"ፈረሴስ?"

"ሐይቁ ዳር ነው። ሽምጥ ጋልበን ነው የደረስነው። ስመለስ እንሻገራለን፤ እስከዚያ እንዳትነካብኝ።"

እሺ አልኳት።

የተመለሰችው በአጎቷ ሚኒባስ፣ ተኝታ ነው።

በኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፣ ይሸለማል። ከዚያ ኮርቻው ባዶውን፣ አንድ ሰው በእግሩ ልጓሙን ይዞ እየመራው በለቀስተኛው መካከል ያልፋል። ሰዉ አንጀቱ የሚቆረጠው ባዶውን ኮርቻ ሲያይ ነው። የልጄ ለቅሶ ላይ ፈረስ አልነበረም። ማንስ ያመጣል? ፈረስ ነክታ አታውቅም። ጠይቄ ቢሆን ሽማግሌዎቹ ሐዘን አእምሮዬን የነካው ይመስላቸው ነበር። አልጠየቅሁም።

ማሽኑን ዳግመኛ የከፈትኩት ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሕፈት አላነበውም፤ ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። ላይኛው አዲስ መጀመሪያ ነው፤ ታችኛው እሷ ያቆመችበት። ላይኛውን ነካሁ። ፊት መሥራት አልችልምና ጌሙ የሰጠኝን ማንንም የማይመስል ሰው ይዤ ገባሁ። ፈረሱን እስካገኝ ድረስ በእግሬ ተንከራተትኩ፤ ካገኘሁት በኋላ ሜዳ ለሜዳ ቀስ እያልኩ ዋልኩ። ሲመሽ አጠፋሁት፤ ምንም አላስቀመጥሁም። ይኸው እስከ ዛሬ እንዲያ ነው። በየጊዜው ከመጀመሪያው እነሳለሁ፣ እኛ ባለፍንበት መንገድ አልፋለሁ፣ ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል ፈረሱን አዙሬ እመለሳለሁ።

ባለቤቴ ግን ያን ቴሌቪዥን ማየት አልቻለችም። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰው ካልነኩት ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይተነፍሳል። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድምፁም ይሰማል። አንድ ቀን ጆይስቲኩን አስቀምጬ ደጅ ወጥቼ ስመለስ ጓዳው በር ላይ ደርቃ አገኘኋት። "አጥፋልኝ" አለችኝ። "ሰው በሌለበት ቤት ሰው ይተነፍሳል።" ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ስከፍት እሷ ጓዳ ትገባለች።

እኔን ደግሞ የሚያሳድደኝ ሌላ ነው። ፈረሱ። ብርድ ሲበረታ፣ ውርጭ ሲወርድ፣ ያ ፈረስ ትዝ ይለኛል። ሽምጥ ጋልቦ የገባ፣ ላቡ ያልደረቀ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ዳር እንደቆመ የቀረ። ሥዕል ነው ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ግን ቀርከሃ እየሰነጠቅሁ ሳለሁ ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ የሚያናፋ እሰማለሁ።

በቅርቡ ማሽኑ እየሞቀ በመሐል ይጠፋ ጀመር። ስልክ ለሚጠግነው ጎረምሳ አሳየሁት። ከፈተ፣ ነፋበት፣ ራሱን ነቀነቀ።

"አባባ፣ ይሄ ከእንግዲህ አይቆይልዎትም። ልሞክር ብል ደግሞ ውስጡ ያለው ሊጠፋ ይችላል። የሚፈልጉት ነገር ካለ ሳይሞት ይዩት" አለኝ።

ያን የጭጋግ ቀን እንግዲህ ማሽኑን ከፍቼ ከነዚያ ከሁለቱ ቦታዎች ፊት ተቀመጥሁ። ካልከፈትኩት ሳላያት ማሽኑ ይሞታል። ብከፍተው ደግሞ እንዳትነካብኝ ብላኛለች። የመዘወሪያዋ ጉድጓድ በጣቴ ሥር ነበረች። ታችኛውን ነካሁ።

ሐይቁ መጣ። እሷ ከውሃው አፋፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አንገቷ ላይ የእናቴ ንቅሳት። ትተነፍሳለች። ያን ሁሉ ዘመን እንደዚያው ስትተነፍስ የኖረች መሰለኝ።

ፈረሱ ግን የለም።

በቀኝ በኩል ያለችው መዘወሪያ ዓይንን ብቻ ነው የምታዞረው፤ ሰውን ከቦታው አታንቀሳቅስም። እሷን ላለመንካት እየተጠነቀቅሁ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ውሃው፣ ሸምበቆው፣ ዳገቱ። ከዳገቱ ላይ፣ ከጫካው ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ዳማው ቆሟል። ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እዚያ ላይ ከጀርባው ወርዳለታለች። ብቻዋን በእግሯ ወደ ውሃው ወርዳለች። ስንት ጊዜ "እሺ አባዬ" ብላ ያላደረገችውን፣ እኔ ገበያ ውዬ በሌለሁበት፣ ማንም ሳያያት አድርጋዋለች። እኔ ግን ያን ፈረስ ስንት ዘመን በሐሳቤ ውሃ ዳር አቁሜ አስበርጄዋለሁ።

ተራ በተራ አየኋቸው። እንዳትነካብኝ ብላኝ ነበር። ፈረሱ ግን የኔ ሥራ ነው፤ እሷው ናት የሰጠችኝ። ፈረሱን በፉጨት የምትጠራበትን ቁልፍ ተጫንኩ። ዳማው ጆሮውን አቀና፤ ዳገቱን እየወረደ መጣና ከኋላዋ ቆመ። ፈረሱ ላይ አላወጣኋትም። በእግሯ አደረግኋትና የሐይቁን ዳር ይዤ መራመድ ጀመርኩ። ፈረሱ ኮርቻው ባዶውን ተከተላት። ኮቴው በቤታችን ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል።

የጓዳው በር ተከፈተ። ባለቤቴ አጥፋው ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። እሷም የባላገር ልጅ ናት፤ ባዶ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ በእግረኛ ሲመራ ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻትም። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። መጥታ ያኔ እኔ እቀመጥባት የነበረችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ "አንገቷ ላይ ያለው የእናትህ ንቅሳት ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

መንገዱ ከሐይቁ ተለይቶ ወደ ዛፉ መውጣት ጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር እያጠረች ነበር። ባለቤቴ ይህን መስመር አታውቀውም፤ ማንም አላሳያትም። እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

"ቀስ ብለህ" አለችኝ። "ልጅቷ ዳገት አትችልም።"

ቆምኩ። ፈረሱም ከኋላችን ቆመ። መስመሯ እስክትሞላ ሦስታችንም ጠበቅናት።