አይተሻል ወይስ ገምተሻል?

ልጅ ሳለን እኔና ሁለት ጓደኞቼ የወንጀል ልብ ወለድ እየተዋዋስን እናነብ ነበር፤ ሰበታ ውስጥ ከእኛ ሌላ መርማሪ ያለ አይመስለንም ነበር። የቤታችን ዶሮ ስትጠፋ ላባዋን የጎረቤታችን ልጅ የቶላ ደጅ አገኘንና፣ "ሌባው ቶላ ነው!" እያልን ወደ አያቴ፣ ወደ አባባ ሱቅ ሮጥን።

አባባ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠዋል። "አይተሻል ወይስ ገምተሻል?" አሉኝ።

ላባውን አሳየኋቸው።

"እንግዲያው ስም አትጥሪ።"

ዶሮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫጩቶቿን አስከትላ ብቅ አለች።

ከዓመታት በኋላ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ጊዜ፣ የአባባ ሱቅ ተቃጠለ። ቶላ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ሰው ሁሉ እሱን ጠረጠረ። የሚያጣሩ ሰዎች መጥተው፣ "እሱ ነው አይደል?" ሲሏቸው፣ "እሳቱን አይቻለሁ፤ እጁን አላየሁም" አሉ። በቃ። እኔ እንኳ ተናድጄባቸው ብዙ ቀን አኩርፌያለሁ።

አባባን ከቀበርናቸው አርባ ቀን ሊሞላ ነው። ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ የለም። ግን በየጠዋቱ ስወጣ ዙሪያው ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት አገኘዋለሁ። ከቤታችን ሰዎች ማንም አልጠረገውም።

ማን እንደሆነ ገምቻለሁ፣ አባባ። ግን አላየሁም፤ ስም አልጠራም።