ማውሱን እንደ ስንደዶ

«ታዲያ ኮምፒውተሩ በገዛ እጁ አጠፋው ልትለኝ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ ስሙን ነካሁት እንጂ ምንም አላዘዝኩትም!»

ጠያቂዋ የቢሮ ኃላፊዬ ነበሩ። በደርግ ማብቂያ ዓመታት አዳማ ተቀምጠን ለገበሬዎች የዘር እህል እናከፋፍል ነበር። የአቦምሳን ገበሬዎች ዝርዝር ሦስት ቀን ሙሉ ሳርም ሰንብቼ፣ የተዘለሉትን ቤተሰቦች ሁሉ አስገብቼ ነበር። በስክሪኑ ግራ በኩል ያረምኩት አዲሱ ዝርዝር፣ በቀኝ በኩል ዲስኬቱ ላይ የነበረው አሮጌው ይታያል። አዲሱን ወደ ዲስኬቱ መገልበጥ ብቻ ነበር የቀረኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስንደዶ እየነካሁ ነው፤ እጄ ያልነካውን ዓይኔ አያምንም። የአሮጌውን ቀን ለማየት ስሙን በማውሱ ጫን አደረግሁትና የመገልበጫውን ቁልፍ መታሁ። ለካ ፕሮግራሙ የሚገለብጠው መጨረሻ ከተነካው ወገን ነው። አሮጌውን አንስቶ አዲሱ ላይ ጻፈበት፤ አዲሱ ጠፋ።

«መንካት ትእዛዝ የሚሆንበት አገር የት አለ?» አልኩ።

«እዚሁ አለ። ድምፅህን ቀንስ።»

«ዛሬን ይስጡኝ፣ እንደገና ልጻፈው።»

«ዘሩን የሚያደርሰው መኪና የተመደበልን ለዛሬ ነው።»

«የተዘለሉት ሰዎችስ?»

«በሚቀጥለው ዙር ይመዝገቡ።»

«እስከዚያ እኮ ዝናቡ ያልፋል፣ እትዬ! ምን ይዝሩ?»

ከማተሚያው የወጣውን አሮጌ ዝርዝር ቆርጠው አጣጠፉት። ውጭ ሾፌሩ ደጋግሞ ክላክስ ያደርጋል።

«የምታርሰው አንተ አይደለህ፣ ምን አንገበገበህ?» አሉና ዝርዝሩን በብብታቸው ይዘው ወጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።