አሥራ ስምንት ዓመት ተብሎ የተጻፈላት ልጅ

የሴቶቹ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የበረኪና ሽታ ነው። ሰዎቹን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሲሚንቶው ላይ የተነጠፉት ስፖንጅ ፍራሾች ግን ከአራት አይበልጡም። ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ከላይ ደግሞ ሽቦ የተገጠመባት ትንሽ መስኮት። ከጣቢያው አጥር ጀርባ ሸማኔዎች ሲሠሩ ይሰማል። ጉለሌ ተወልጄ ስላደግኩ ድምፁን አውቀዋለሁ። ሰው ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲህ ማሰቤ ለምን እንዳጽናናኝ አላውቅም።

የወሰዱኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ጥፋቴ ስልኬ ላይ የጻፍኩት አራት መስመር ነበር። አንድ ባልደረባችን ተይዞ የት እንዳለ ሳይታወቅ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ «የት ነው ያለው? ቤተሰቡ ይወቅ» ብዬ ለጠፍኩ። እሱ ኋላ ተፈቷል፤ የእሱን ታሪክ ለራሱ እተውለታለሁ። እኔ ልናገር የፈለግኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ስላገኘኋት ልጅ ነው።

በሩ አጠገብ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ያየኋት ጊዜ የአንዷ እስረኛ ልጅ መስላኝ፣ «እናትሽ የትኛዋ ናት?» አልኳት።

«እናቴ አገር ቤት ናት» አለችኝ።

የክፍሉ ተጠሪ፣ ካቦ የምንላቸው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የቀጨኔ ሴት ነበሩ። ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣልተው ነው የገቡት። ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ናት። የምትጠብቀው ሕፃን ፔርሙስ ስቦ ሙቅ ውሃ ክንዱ ላይ ፈሰሰበት። ፔርሙሱን ለማስጣል ስትሞክር እሷም እጇን ተቃጥላለች። አሠሪዋ ሕፃኑን ሆስፒታል አስገብታ በቀጥታ ጣቢያ መጣችና ከሰሰቻት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አሥራ ስምንት» አለች፣ እንደተማረችው መዝሙር ቶሎ ብላ።

ካቦዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ከአገር ቤት አምጥቶ ሥራ ያስገባት ደላላ ነው እንዲያ በዪ ያላት። ትናንት ራሱ መጥቶ በመስኮት ሲያስፈራራት ሰምቻለሁ። ‹ያልኩሽን እንዳትረሺ› እያለ። ማንም ከልካይ የለውም።»

ሕገ መንግሥቱ የሕፃናትን መብት የሚዘረዝርበትን አንቀጽ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ተማሪዎቼ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይመልሱታል፣ ከዚያ ይረሱታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነሱ አልሻልም ነበር። ልጅ ጥፋት ሠራ ቢባል እንኳ የራሱ ሥርዓት እንዳለው አውቃለሁ፤ ፖሊስ ሳያቆየው ፍርድ ቤት ያቀርበዋል፣ ከአዋቂ ጋርም አያስረውም። ማወቄ ግን ልጅቷ አጠገቤ ሲሚንቶ ላይ ስትተኛ ምንም አልጨመረላትም። ያለኝን ጋቢ አካፈልኳት። በቃ፣ እሱን ነው ያደረግኩት።

በሦስተኛው ቀን ለቁርስ ደረቅ ዳቦ ደረሰን። ልጅቷ ገመጠችና ድንገት ቆም አለች። እጇን አፏ ውስጥ ከትታ አንድ ነገር አወጣች። ዳቦው ላይ የደም ጠብታ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ጥርሴ ነው። ስትነቃነቅ ነው የከረመችው» አለችና መዳፏን ዘረጋችልኝ። ሥር የሌላት ትንሽ መንጋጋ ናት፤ የወተት ጥርስ። «ሌሎቹ አገር ቤት እያለሁ ነው የወለቁት። ይቺ የመጨረሻዋ ናት» ብላ ፈገግ አለች። የት እንደምትወረውራት ግራ ገብቷት ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

ማንም አልሳቀም። ካቦዋ ጥርሷን ከመዳፏ አንስተው ወደ ብርሃኑ አስጠጓት።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የወተት ጥርስ ይዞ የኖረ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህርት አይደለሽም እንዴ? በይ፣ ይሄ ነገር ያንቺ ነው።»

ጥርሷን በሶፍት ጠቅልዬ ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ መርማሪው ለእኔ ጉዳይ ሲያስጠራኝ ነገሩን አነሳሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ራሷ ናት አሥራ ስምንት ያለችው። ቃሏን ፈርማለች። አንቺ ስለራስሽ አስቢ።»

በማግስቱ የእኔ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበር። ወንድሜ ያቆመልኝ ጠበቃ የችሎቱ በር ላይ አግኝቶኝ በጥንቃቄ መከረኝ። «መምህርት፣ ዛሬ ዋስትና ልናገኝ እንችላለን። ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ አልጠፋም ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ። ዳኛዋ ወሬ ሲበዛ አይወዱም።»

ችሎቱ ጠባብ ነበር። ሰው ሞልቶታል፤ ከእኔ በፊት የነበሩት መዝገቦች በፍጥነት ነው ያለፉት። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ አሥራ አራት ቀን ጠየቀ። ጠበቃዬ ተቃወመ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ተጠርጣሪዋ የምትጨምሪው አለ?» አሉኝ።

የተዘጋጀሁበትን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ በሌለሁበት ትኩሳት ይዟታል ተብያለሁ። ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። ይህን የምጽፈው ጀግና እንዳልመስል ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አለች» አልኩ።

ጠበቃዬ ወደ እኔ ሲዞር ይታወቀኛል። ዳኛዋ፣ «ይሄ ከያዝነው መዝገብ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አሉ።

«ከእኔ መዝገብ ጋር አይገናኝም። መዝገቧ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተብሎ ተጽፏል። ትናንት ጠዋት ዳቦ ስትበላ የወተት ጥርሷ ወለቀ። ከአዋቂዎች ጋር ታስራለች፤ እስካሁን ፍርድ ቤት አልቀረበችም።» ሶፍቱን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁ። የችሎቱ ሠራተኛ ተቀብሎኝ ዳኛዋ ፊት አኖረው።

ዳኛዋ ሶፍቱን ፈቱት። ጥርሷን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው አዩአት። ከዚያ ፖሊሱን፣ «ልጅቷን ማን ይዟታል?» ብለው ጠየቁት። ሌላ መርማሪ ነው የያዘው፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም አለ።

«ነገ ጠዋት እዚህ ትቅረብ። ሰበብ አልቀበልም።»

ለእኔ የተጠየቀው አሥራ አራት ቀን ተፈቀደ። በመናገሬ ይሁን ሊፈቀድ ያለ ነገር ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠበቃዬ ሲወጣ፣ «ሦስት ደቂቃ ነበረን፤ ለሌላ ሰው መዝገብ ሰጧት» አለኝ። አልተቆጣም፤ የደከመው ነው የሚመስለው።

ልጅቷ በማግስቱ ጠዋት ሄዳ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰች። ዕቃዋን እንድትወስድ ነው የመለሷት። ዳኛዋ ዕድሜዋ በሐኪም እስኪጣራ ልጆች ወደሚቆዩበት ቦታ እንድትዛወር አዘዋል። እኛ ደስ አለን፤ አንዷ እልል ልትል ስትል ካቦዋ አፏን ያዙ። ልጅቷ ግን ታለቅስ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የተናገሩብኝ?» አለችኝ።

«የተናገርኩልሽ ነኝ» አልኳት። «ልጅ ከአዋቂ ጋር አይታሰርም። ሕጉ አንቺን ሊጠብቅ ነው።»

«ከእናንተ ነው የሚጠብቀኝ?»

እዚያ ክፍል ውስጥ ፀጉሯን የሚሠሩላት፣ የተቃጠለ እጇን የሚያጥቡላት ሴቶች ነበሩ። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ «በላሽ ወይ?» ያላት ሰው እዚያ ነው ያገኘችው። ሕጉን ሳስተምር ይህን የሚል መስመር አጋጥሞኝ አያውቅም። ካቦዋ ስበው ጉያቸው ውስጥ አስቀመጧትና የተፈታ ሹሩባዋን እየጎነጎኑ፣ «እኛኮ ለልጅ አንሆንም፤ ዛሬ አለን፣ ነገ የለንም። አንቺ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» አሏት። እሷ ግን ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆየች።

ልትወስዳት የመጣችው መዝገቡ ላይ የልጅቷን ዕድሜ አሥራ ስምንት ብላ የጻፈችው ተረኛ ፖሊስ ራሷ ናት። ካቴና ይዛለች። የልጅቷን እጅ ያዘችና በግራው አጠለቀችላት፤ እስከ መጨረሻው አጠበቀችው። ልጅቷ እንባዋን ልትጠርግ እጇን ስታነሳ ካቴናው በመዳፏ በኩል ሾልኮ ወጣና መሬት ወደቀ።

ልጅቷ ደንግጣ፣ «እኔ አልጣልኩትም» አለች። ጎንበስ ብላ አነሳችና ለፖሊሷ መልሳ ሰጠቻት፤ በሁለት እጇ፣ ልጆችን ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጡ እንደምናስተምራቸው አድርጋ።

ፖሊሷ ፊቷ ተለወጠ። ካቴናውን ኪሷ ከተተችው። «ነዪ፣ የኔ እናት» አለችና እጇን ይዛ ወጣች። ልጅቷ በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ ወደ ሁላችንም አየች። ወደ እኔም አየች። ያ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

እኔ በዋስ የወጣሁት ከአሥራ አራቱ ቀን በኋላ ነው። የሕፃኑ ክንድ መዳኑን፣ ልጅቷ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው መባሉንና ክሱ መዘጋቱን ከጠበቃዬ ሰማሁ። እናቷ እየተፈለገች ነው አለኝ። ወር ያህል ቆይቼ ከሽሮ ሜዳ አንድ ሹራብ ገዛሁና ልጆቹ ወደሚቆዩበት ግቢ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልጽፍም።

በሩ ላይ የነበረችው ሴት በመስኮት አየችኝ።

«እህቴ፣ ዘመድ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«አሳዳጊ? ከፍርድ ቤት የተጻፈ ነገር አለሽ?»

«የለኝም። አብረን ታስረን ነበር» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ ገባኝ።

«እንግዲያው አትገቢም።»

«እሺ፣ እዚህ መኖሯን ብቻ ንገሪኝ። ደህና ናት?»

«አለችም የለችም አልልሽም። እዚህ ስላለ ልጅ ለመጣ ሰው ሁሉ አናወራም። ደንቡ ነው።» ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች። «ሹራቡን ከፈለግሽ ያለ ስም እቀበልሻለሁ። ለምትበርዳት ልጅ እንሰጣለን።»

ሹራቡን ሰጥቻት ቁልቁለቱን ያዝኩ። ተናድጄ ነበር። ሌሊቱን ጋቢዬን ያካፈልኳት እኔ አይደለሁም ወይ፣ ለእኔ ነው የሚዘጋው፣ እያልኩ ግማሽ መንገድ ወረድኩ። ከዚያ ደላላው ትዝ አለኝ። እሱም አንድ ቀን እዚህ በር ላይ ቆሞ ስለ እሷ ይጠይቅ ይሆናል፤ ያቺ ሴት እሱንም እንደ እኔው ትመልሰዋለች። እኔንና እሱን የምትለይበት መንገድ የላትም፤ እንድትለይም አይጠበቅባትም።

ዛሬም አስተምራለሁ፤ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ልጅቷን ዳግመኛ አላየኋትም። እስር ቤት የቆየ ሰው የተዘጋ በር ሲያይ ልቡ ይመታል፤ የእኔም እስካሁን ይመታል። ያን ቀን ግን መንገድ ዳር ቆሜ ወደ ግቢው ዞር ብዬ አየሁና፣ በሩ በደንብ መዘጋቱን አረጋግጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።