በረንዳ ላይ የበላሁት ምስር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሽራ ከምትኖርበት ከካርሜ ጋት ሰፈር መጥታ፣ ከእጮኛዋ ጋር ስለምትማረው የጋብቻ ትምህርት አወራችኝ። «ትዳር የነፍስ ማደጊያ ነው፤ ሴት ስትታገሥ ወንዱም ይለወጣል ብለውናል፣ አያቴ» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

እዚህ አገር በመጣን በመጀመሪያው ክረምት ሙሽራ ነበርኩ። በጎንደር መንደራችን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ የመርገም ጎጆ ትገባለች። ሥራ የለባትም፤ ምግቧን ሌሎች ሴቶች ያደርሱላታል። ስሙ መርገም ይሁን እንጂ ለወገባችን ዕረፍት ነበር። በሰፈርንባት በቂርያት ጋት ከተማ ግን ፎቅ እንጂ ጎጆ የለም። ባሌ አያናው በረንዳው ላይ ፍራሽ አንጥፎ «እዚያ ሁኚ» አለኝ። የኦሪት ሕጋችን ይከበር ብዬ ሆንኩ።

የምሠራበት ፋብሪካ አለቃ ግን የጎጆ ዕረፍት አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስሠራ ውዬ፣ ዕቃ ሳልነካ በሳሎኑ አልፌ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ከጎን ይገርፈኛል። አያናው ማሞቂያው አጠገብ ሰርዲን በዳቦ ይበላል። ለእኔም በሩን ከፈት አድርጎ ደረቅ ዳቦ ገፋልኝ።

«ይኸው ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የሚያበስል ሴት የለ።»

«አንቱ እዚህ አሉ አይደለም እንዴ!»

«ወንድ ልጅ ማጀት ይግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ ዝናብ ላይ ስቀመጥ ሰው ምን አለ? ሕጉ የሁለታችን ነው። ለእኔ በረንዳ ከሆነ ለአንቱ ማጀት ነው። እምቢ ካሉ ነገ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አልመለስም።»

ጩኸቴ ፎቁን ሞላው። ከላይ ያለችው ጎረቤታችን እየሳቀች «አያናው፣ ሽንኩርቱን አድቅቀው!» አለችው። አፍሮ መጋረጃውን ዘጋ።

ቆይቶ ሽንኩርት ሲያር ሸተተኝ። ከዚያ ምስር በሳህን ይዞ ብቅ አለ፤ ጨው የበዛበት፣ ግማሹ ጥሬ። ዓይኑ በሽንኩርቱ ቀልቷል።

«እናቴ በየቀኑ እንዲህ ታለቅስ ነበር?» አለኝ።

ምስሩን እየተናደድኩ በላሁት። እርሱ ግን በሩን አልዘጋም፤ እስክጨርስ ድረስ ብርዱ እየገባበት ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ቀኖች ድስቱ የእርሱ ሆነ።

ስለዚህ ትዳር ያሳድጋል ቢሉኝ አልክድም። አያናው አድጓል፤ እኔም አድጌያለሁ። ግን በዝምታዬ ያደገ ነገር የለም። ዝም ብል ኖሮ እርሱ ማሞቂያው አጠገብ፣ እኔም ፍራሼ ላይ እናረጅ ነበር።

«የእኔ እጮኛ ግን ምግብ ያበስላል፣ አያቴ» አለችኝ ሽራ።

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ስትቆጪ ይሰማሻል?»

ስልኳን ማገላበጥ ጀመረች። መልሱን እስካሁን አልነገረችኝም፤ ሠርጓ ግን ቀርቧል።