ሹቺን የነቀለችው ሶኬት

ሹቺን አማቷን ስትፈራ ኖራ ፀጉሯ ሸበተ። እመት ኢንሁዋ፣ ልጃቸው ጂንፋ ሚስት ብሎ ካመጣት ጀምሮ፣ የእጇን ሩዝ አንድ ቀን አመስግነው አያውቁም። ዛሬ ረጠበ፣ ነገ ደረቀ፣ ከነገ ወዲያ ጥሬ ነው። አምና ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎናቸውም ምላሳቸውም ተያዘ። ሹቺን ከነገር ተገላገልኩ ብላ ደስ ሊላት ሲገባ ጭራሽ ሆዷ ባባ። አሮጊቷ መብላትም ትተው ነበር፤ ማንኪያ ሲቀርብላቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።

አንድ ቀን ሞተር ሳይክል ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ለጂንፋ በላስቲክ ከረጢት ሽሪምፕ የሚባሉ ጥፍር የሚያካክሉ ሰማያዊ የውሃ ፍጥረቶች ሰጠው። ሹቺን የቧንቧ ውሃ በሳህን ቀድታ ብትጨምራቸው በማግስቱ አለቁ። እመት ኢንሁዋ ሳህኑን አይተው እንባቸው በአንድ ጉንጫቸው ወረደ። ይሄኔ የሹቺን እልህ ተነሳ። የመስታወት ገንዳ ገዛች፤ ውሃውን በባልዲ አሳደረች፤ ሣር ተክላበት መስታወቱ አረንጓዴ እስኪያወጣ ድረስ ነፍስ ያለው ነገር ሳትጨምርበት ጠበቀች። አዲስ ሽሪምፖች ሲመጡላትም ውሃውን በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረገች አለማመደቻቸው። ጂንፋ «እኔን እንዲህ ተንከባክበሽኝ ታውቂያለሽ?» እያለ ያበሽቃታል።

ታዲያ አንዷ እናት ሽሪምፕ በሆዷ የያዘችውን እንቁላል በእግሮቿ ስታራግብ አሮጊቷ ተገርመው አፋቸውን ከፈቱ። ሹቺን ማንኪያዋን ከተተች፤ ዋጡ። ከዚያ ወዲህ የሚበሉት ገንዳው ፊት ተቀምጠው ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ሲሞከር እምቢ ይላሉ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው ሰፈራቸው፣ ታይናን ከተማ ውስጥ፣ ደንጊ የሚባለው ትንኝ የሚያዛምተው ትኩሳት የገባው። የሰፈሩ ሹም ወይዘሮ ሆንግ ገና በማለዳው በድምፅ ማጉያ አወጀች፤ ቤት ሁሉ የትንኝ መርዝ ይረጫል፣ እምቢ ማለት የለም።

«እኔ ቤት ትንኝ የለም!» አለች ሹቺን በሩን ይዛ።

«እሱን ለትንኟ ንገሪያት። ከሰው ነፍስ ሽሪምፕ በለጠብሽ?»

«የኔ ሰው እህል የሚቀምሰው በሽሪምፕ ነው፣ እቴ!»

ወይዘሮ ሆንግ እየሳቀች ወደሚቀጥለው በር አለፈች። ሹቺን ግን አልሳቀችም። ያ መርዝ ሽሪምፕ የሚገድለው ከትንኝ ቀድሞ ነው፤ ሽሪምፖቹ ካለቁ ደግሞ አሮጊቷ ምን አይተው እንደሚበሉ አታውቅም። ገንዳውን በላስቲክ ጠቀለለች፤ ጠርዙን በፕላስተር ለጠፈች፤ እርጥብ ፎጣ ደረበችበት። የቀረው ሳሙና የሚያክለው የአየር ፓምፕ ነበር። እሱ ከገንዳው ውጭ ተቀምጦ የቤቱን አየር እየሳበ በቱቦ ወደ ውሃው ይነፋል። በርጭቱ ሰዓት ከሠራ መርዙን ራሱ ያጠጣቸዋል።

የሚረጩት ሰዎች የመርጫ ሞተራቸውን እያስጮኹ ደጁ ላይ ደረሱ። ጂንፋ ጭናቸው ላይ ፎጣ የደረቡትን እናቱን በዊልቼር ይዞ ወጣ። ሹቺን ሳታይ ከገንዳው ኋላ እጇን ሰድዳ ሶኬቱን ነቀለችና ሮጠች።

የሰፈሩ መቅደስ በረንዳ ላይ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቃል።

«የሩዝ ማብሰያውንስ አጠፋሽው?» አላት ጂንፋ።

«ምን አጠፋዋለሁ፣ ይብሰል ብዬ ነው። ክዳኑ ግጥም ያለ...»

ሶኬቱ ትዝ አላት። የሩዝ ማብሰያውና የፓምፑ ሶኬቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው። የትኛውን ነው የነቀለችው? መዳፏን አየችው፤ የያዘችው ገመድ ወፍራም ይሁን ቀጭን ትዝ ሊላት አልቻለም። የፓምፑን ድምፅ እንዳታስታውስ የሞተሩ ጩኸት ሁሉን ውጦት ነበር። ወደ ቤቷ ሮጠች። በበሩ ሥር ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ወይዘሮ ሆንግ ክንዷን ያዘቻት።

«አብደሻል? ሰዓቱ ሳይደርስ በር አይከፈትም!»

ወደ በረንዳው ተመለሰች። እመት ኢንሁዋ ደግሞ በግራ እጃቸው ዊልቼሩን እየደበደቡ «ኧ! ኧ!» ይላሉ። ሹቺን ውሃ ሰጠቻቸው፤ ገፉት። ፀሐይ ከለለችላቸው፤ ባሰባቸው። እጅጌዋን ይዘው ወደ ጭናቸው ይጎትቷት ጀመር።

«እማማ፣ አሁን አይደለም! አንድ ጊዜ እንኳ ይተዉኝ!» ብላ ጮኸችባቸው።

በኑሮዋ ጮኻባቸው አታውቅም። አሮጊቷ እጅጌዋን ለቀው ፊታቸውን አዞሩ። ጂንፋም ጎረቤቱም ወዴት እንደሚያይ ጠፋው።

በሩ ሲከፈት ሹቺን አፍንጫዋን ይዛ ቀድማ ገባች። ከገንዳው ኋላ ጎንበስ ብላ አየች። መሬት ላይ የወደቀው ሶኬት የሩዝ ማብሰያው ነው። ፓምፑ ሲነፋ ነበር ማለት ነው። ግድግዳውን ይዛ ቀና ስትል ግን ፓምፑ በቦታው የለም፤ ባዶ ቱቦው ብቻ ተንጠልጥሏል። መስኮቶቹን በርግዳ ከከፈተች በኋላ፣ ጭሱ ጠርቶ ሽታው እስኪጠፋ እጇን እያሸች ቆየችና ፎጣውንና ላስቲኩን ገፈፈች። ሽሪምፖቹ ሣሩ ላይ ሰፍረው ይግጣሉ።

«ፓምፑን ማን ወሰደው?» አለች ጮክ ብላ።

ጂንፋ ዊልቼሩን እየገፋ ገባ። እመት ኢንሁዋ ጠዋት እዚያው ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ስታሽግ ሲያዩዋት ነበር፤ ፓምፑና ሶኬቱም ግራ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ነበሩ። አሁን በግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ያለውን ፎጣ ገለጥ አደረጉ፤ ፓምፑ ገመዱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ሹቺን እግራቸው ሥር ተንበርክካ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። «ሲያሳዩኝ ነው የጮኽኩብዎት፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ ግን በእሷ አናት ላይ አሻግረው የሩዝ ማብሰያውን ያያሉ። ከንፈራቸው ተጣመመ፤ አንገታቸው ተወጠረ፤ ከታመሙ ወዲህ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ወጣ።

«ሩዙ... ጥሬ... ነው።»

«አዎ እማማ» አለች ሹቺን እያለቀሰች፤ «ጥሬ ነው።»