መስታወት የሌለው ካሜራ

እናቴ ሰርኬ ወንድሜን መሐሪን ለማስተማር ገብስና ባቄላ በአህያ ጭና አርብ ገበያ ስትመላለስ ኖራለች። ወንድሜ ተምሮ ሲርቅባት ግን በዓል በመጣ ቁጥር መንገድ መንገዱን ማየት ሥራዋ ሆነ።

አንድ ዓመት ጥናቱ ራሱ ወደ እኛ አመጣው። በቤተ ክርስቲያናችን ቤተ ልሔም ካለ አሮጌ ብራና ላይ ቀለም ይረግፍ ነበር። መሐሪ የረገፈችውን ፍንካች ወስዶ ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ ሊመረምር ለመነ። መርጌታ ጥላዬ፣ «ፍንካቿም ብትሆን ከግቢ አትወጣም፤ መሣሪያህን አንተ አምጣው» አሉት። አመጣው። ለመመረቅ የቀረው ይህ ጥናት ብቻ ነበር፤ መሣሪያውም ከውጭ አገር በውሰት የመጣ ነው።

«ምንድን ነው ይኸ?» አለችው እናቴ።

«ካሜራ ነው። ዓይን የማያየውን ብርሃን ያያል።»

«እንደ ሐኪም ቤቱ ራጅ?»

«የሐኪም ቤቱ ሥጋ አልፎ አጥንት ያሳያል። የዚህ ራጅ ደካማ ነው፤ አየር እንኳ ያስቀረዋል። አየሩን ከሣጥኑ መጥጠን እናወጣለን። ይቺ ሴንሰር የምትባለው ናት የምታየው፤ እሷም የሚሸፍናት መስታወት የላትም።»

የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አብረቅራቂ ነገር ናት።

«ቆብ የሌለው ዓይን በለኛ! ቡዳ እንዳይበላብህ።»

ሳቀ። «ብቻ እንዳትነኪው፣ እማዬ። ጣት አይወድም።»

አልነካችውም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ክፍል ፍንካቿን ሊያስገባ ሣጥኑን እንደ ከፈተ ጀነሬተሩ ጠፋበትና ወጣ። እናቴ ኪዳን አድርሳ በሃይላንድ ጸበል ይዛ ስትመለስ ገባች። በስመ አብ ብላ ክፍቱን ሣጥን ረጨችው።

«ልጄ፣ ባረክሁልህ!» አለችው ሲመለስ።

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ ጎንበስ አለና ጉልበቷን ሳመ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ።»

ጠብታው ደረቀ፤ በውስጡ ያለው ጨውና አፈር ግን ሴንሰሯ ላይ ቀረ። መሣሪያውን ሲያበራው ከነጠብጣብ በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረም።

«ንገራት» አልሁት።

«ጸበልሽ ነው ያበላሸው ልበላት? እሷን? ተይኝ፣ ፈትሌ።»

ሁለተኛ የሚያውሰው አላገኘም፤ ትምህርቱም በዚያው ቆመ። አሁን ሩቅ ከተማ ልጆች ያስተምራል። እናቴ ይህን አታውቅም። ከገበያ ስትመለስ ላገኘችው ሁሉ «የልጄ ካሜራ የተባረከ ነው» ትላለች።

«ያንቺ ጸበል የኔን ላም እንኳ አላዳነም፣ ሰርኬ!» ትላታለች ጎረቤታችን ደስታ።

«ላምሽ እምነት የላትማ!»

መሐሪ ግን አይመጣም። ለፋሲካ ሥራ በዛብኝ አለ፤ ለጥምቀትም እንዲሁ። እባክህ ብቅ በልላት ብዬ በስልክ ስለምነው፣ «ፊቴን እያየች በካሜራው ምን አየህ ትለኛለች። በስልክ እዋሻለሁ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ግን አልችልም» አለኝ።

ብነግራት እጇን ስትረግም ትኖራለች። ባልነግራት ልጇን አታይም። በሁለቱ መካከል ደከመኝ።

ባለፈው እሑድ ደጃፍ ተቀምጠን ባቄላ ስንለቅም ሚኒባሱ አልፎ ሄደ። ማንም አልወረደም። እናቴ አቧራው እስኪበርድ አየችና እንዲህ አለች፦

«ጸበሉ ሰምሮለት ነው ሥራ የበዛበት። ምነው ያን ቀን ባልረጨሁለት ኖሮ! ልጄን አየው ነበር።»

እኔ ከሰፌዱ ቀና አላልሁም።